የሕክምና ምስሎችን በዲስክ ላይ ማቆየት

የምስል ማኅደር የምይዝ ሰው ነኝና ዲስክ ሲመጣልኝ አስቀድሜ ዓይነቱን አያለሁ። እየተሰረዘ ደግሞ የሚጻፍበትን አልቀበልም፤ አንድ ጊዜ ብቻ የሚጻፍበት ይሁን። ሲዲ 700 ሜጋባይት፣ ዲቪዲ 4.7 ጊጋባይት ይይዛል። ለደረት ራጅ ሲዲ ይበቃል፤ በመቶዎች የሚቆጠሩ ምስሎች ላሉት ሲቲ ስካን ዲቪዲ ይሻላል።

ምስሎቹን የሕክምና ምስሎች መደበኛ የፋይል ዓይነት በሆነው በዳይኮም ቅርጻቸው እንዳሉ ቅዱ። ወደ ጄፔግ የተለወጠ ምስል ለዓይን ያምራል እንጂ ሐኪሙ ብርሃኑን እንደልቡ አስተካክሎ ሊያነበው አይችልም። ዳይኮምዲር የተባለው የማውጫ ፋይልም አብሮ ይግባ። ቀረጻው ሲያልቅ ፕሮግራሙ የጻፈውን መልሶ ያረጋግጥ፤ ከዚያ በሌላ ኮምፒውተር ክፈቱት። ይህን የሚዘልል ሰው ትዕግሥቴን ይፈታተናል።

ብዙዎች የሚሳሱለት ለአንጸባራቂው ፊት ነው። በሲዲ ላይ ግን መረጃው ያለው ከጽሑፉ ፊት ሥር፣ ከስስ ሽፋን በታች ነው፤ እዚያ ላይ በሹል እስክርቢቶ መጻፍ መረጃውን መጫር ነው። ተለጣፊ ወረቀትም አልወድም። ለዲስክ በተሠራ ለስላሳ ብዕር በመሃሉ ግልጽ ቀለበት ላይ የመዝገብ ቁጥሩን ብቻ ጻፉ፤ የታካሚው ስም አደባባይ አይውጣ። ፋይሎቹን በይለፍ ቃል መስጥሩ፣ ቃሉን ግን ከዲስኩ ጋር አታስቀምጡ።

ዲስኩ በሳጥኑ ውስጥ ቀጥ ብሎ ይቁም፤ ከፀሐይ፣ ከሙቀትና ከእርጥበት ይራቅ። ሲቆሽሽ ከመሃል ወደ ዳር ጥረጉት፣ ዙሪያውን አታሹት። ሁለተኛው ቅጂ በሌላ ሕንፃ ይቀመጥ። ጊዜው ያለፈበትን ዲስክ ሰባብራችሁ እንጂ እንዳለ አትጣሉት።