የወሊድ ፈቃድን ከሀገር ሀገር ሲያወዳድሩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የማኅበራዊ ፖሊሲ ጥናት የጀመሩ ተማሪዎች የሚያዘጋጁትን አንድ ሠንጠረዥ ደጋግሜ አይቼዋለሁ። በአንዱ ዓምድ የሀገር ስም፣ በሌላው የወሊድ ፈቃድ ቀን ይሰፍራል፤ ስዊድን 480፣ ኢትዮጵያ 120፣ አሜሪካ 0። ቁጥሮቹ መሠረት የሌላቸው አይደሉም፤ ጎን ለጎን ሲቀመጡ ግን አንባቢን ያሳስታሉ።

የመጀመሪያው ስህተት የተለያዩ ነገሮችን በአንድ ስም መጥራት ነው። የስዊድኑ 480 ቀን የእናት ብቻ ሳይሆን የሁለቱም ወላጆች ነው፤ ለእያንዳንዳቸው 240 ቀን ይደርሳቸዋል፣ ከዚህም ውስጥ 90ውን ለሌላው ማስተላለፍ አይቻልም። በገቢ ልክ የሚከፈለው 390 ቀን ሲሆን፣ ለቀሪው 90 ቀን የሚሰጠው ዝቅተኛ ወጥ ክፍያ ነው። በኢትዮጵያ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የተደነገገው ግን ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ተብሎ ከደመወዝ ጋር ለእናቲቱ ብቻ የተሰጠ ነው፤ አባት የሚያገኘው 3 ቀን ነው።

ከሁሉ የከፋ የምለው ቀን ቆጥሮ ከፋዩን አለመጠየቅ ነው። በስዊድን ክፍያው የሚመጣው ከማኅበራዊ ዋስትና ነው፤ በኢትዮጵያ የግል ድርጅት የምትሠራ እናት ደመወዝ ግን ከአሠሪዋ ኪስ ይወጣል። ሦስት ልብስ ሰፊዎች ያሉት የአንድ አነስተኛ ሱቅ ባለቤት አራተኛ ሠራተኛ ሲፈልግ፣ በቅርቡ ያገባችውን አመልካች ትቶ ወንዱን ቢመርጥ፣ ለእናቶች የተሰጠው መብት ሳይቀጠሩ በፊት እንቅፋት ሆነባቸው ማለት ነው። የዓለም የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2000 ያወጣው ስምምነት ቁጥር 183 ቢያንስ 14 ሳምንት ፈቃድ ከመጠየቁ ጋር፣ በመርህ ደረጃ ክፍያው ከማኅበራዊ ዋስትና ወይም ከመንግሥት ገንዘብ እንዲሸፈን የሚያሳስበው ይህን አድልዎ ለመከላከል ነው።

የአዋጅን ቃል እንደ ኑሮ መቁጠርም የተለመደ ነው። አዋጁ የሚገዛው የቅጥር ግንኙነትን ስለሆነ፣ ጉልት ላይ ሽንኩርትና ቲማቲም የምትቸረችር እናት ፈቃድ የምትጠይቀው አካል የላትም፤ ወንድ ልጇ በ40 ቀኑ ክርስትና ሳይነሣ አዝላው ወደ መደቧ ትመለሳለች። የቤት ሠራተኞችም ከዚህ አዋጅ ውጭ ናቸው። ስለዚህ ከ120 ጎን «ለየትኞቹ እናቶች?» የሚል ሌላ ዓምድ ያስፈልጋል፤ ያለዚያ ሠንጠረዡ የሚናገረው ስለ ጥቂቶች ብቻ ነው።

አሜሪካን በዜሮ ማለፍ ደግሞ ፌዴራላዊ ሀገርን እንደ አንድ ወጥ አካል ከማየት የሚመጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ1993 የወጣው የፌዴራል ሕግ 12 ሳምንት ያለ ክፍያ ይፈቅዳል፤ በግሉ ዘርፍ የሚመለከተውም 50 እና ከዚያ በላይ ሠራተኞች ያሏቸውን ድርጅቶች ነው። ይሁንና ካሊፎርኒያ ከ2004 ጀምሮ፣ ዋሽንግተን ዲሲም ከሐምሌ 2020 ጀምሮ የራሳቸውን ክፍያ ይሰጣሉ። የዲሲው የሚወሰነው በሥራ ቦታ እንጂ በመኖሪያ አይደለም፤ በመሆኑም በ2020 በዲሲ ሆቴል ተቀጥራ የምትሠራ ኢትዮጵያዊት ከዚህ ፈንድ ልትጠቀም ስትችል፣ ከፖቶማክ ወንዝ ማዶ ቨርጂኒያ የምትሠራ እኅቷ እንዲህ ያለ የመንግሥት ፈንድ አልነበራትም።

የዘመን አቆጣጠርም ጥንቃቄ ይሻል። «1156/2011» የሚለው እ.ኤ.አ. 2019 ነው፤ በሠንጠረዥ ውስጥ 2011 ተብሎ ሲገባ ሕጉን በስምንት ዓመት ያስቀድመዋል።

በመጨረሻም፣ ዛሬ የሚታየውን ውጤት ለመጀመሪያው ሕግ መስጠት አይገባም። ስዊድን ፈቃዱን ለአባቶች የከፈተችው እ.ኤ.አ. በ1974 ቢሆንም፣ በዚያ ዓመት አባቶች የወሰዱት ከጠቅላላው ቀን 0.5 በመቶ ገደማ ነበር፤ አሁን 30 በመቶ አካባቢ ደርሷል። በመካከሉ በ1995 አንድ፣ በ2002 ሁለተኛ፣ በ2016 ሦስተኛ የማይተላለፍ ወር ተጨምሯል። የኢትዮጵያ አባቶች የ3 ቀን ፈቃድ ከፍ እንዲል ሐሳብ የሚያቀርብ አጥኚ ከ480 ይልቅ ይህን የ42 ዓመት ቅደም ተከተል፣ ክፍያውን የሚሸፍነው ማን እንደሆነ ከሚያሳይ ስሌት ጋር፣ ይዞ ቢቀርብ ይሻላል።