ሲኤንሲው መስመር ሲስት፦ ጥፋተኛው ቦርዱ ነው?

ትንሽ ሲኤንሲ ራውተር (በኮምፒውተር ትዕዛዝ እንጨት የሚቀርጽ ማሽን) የሠራ ሰው ችግር ሲገጥመው ቶሎ የሚመጣለት ሐሳብ ጉልበት ያለው ኮምፒውተር መግዛት ነው። ገንዘባችሁን ከማውጣታችሁ በፊት ግን አንድ ነገር እዩ። ስቴፐር ሞተር (በትንንሽ እርምጃ የሚዞር ሞተር) የሚፈልገው ሰዓት አክባሪ ቦርድ ነው። ቦርዱ እርምጃውን የሚያዝበት የኤሌክትሪክ ምት (ፐልስ) ከዘገየ ወይም ከቀረ እንጨቱ ተበላሸ ማለት ነው።

ቀስ ሲል ደህና ነው፣ ሲፈጥን መስመር ይስታል

አርዱዊኖ ኡኖ ቦርድ ላይ ጂአርቢኤል የተባለውን የሲኤንሲ መቆጣጠሪያ ሶፍትዌር ጭናችሁ ከሆነ እስቲ እናስላ። ሞተሩ በዙር 200 እርምጃ አለው። ድራይቨሩ (ፐልሱን ተቀብሎ ሞተሩን የሚነዳው ክፍል) እያንዳንዷን እርምጃ ለ16 ሲከፍላት 3,200 ፐልስ ይሆናል። ሊድ ስክሩ (እየዞረ ማሽኑን የሚገፋው ጥርሳም ዘንግ) በአንድ ዙር 5 ሚሊሜትር ከገፋ፣ ለ1 ሚሊሜትር 640 ፐልስ ያስፈልጋል። በደቂቃ 3,000 ሚሊሜትር ሂድ ስትሉት በሴኮንድ 32,000 ፐልስ ጠየቃችሁት ማለት ነው። የኡኖ አቅም 30,000 አካባቢ ነው፤ ስለዚህ አይደርስበትም።

መፍትሄው ነፃ ነው። ድራይቨሩን ከ16 ወደ 8 አውርዱ፤ በጂአርቢኤል ሴቲንግ $100 (የX አክሲስ ፐልስ በሚሊሜትር) ላይ ያለውን 640 ደግሞ 320 አድርጉት። ሌሎቹንም አክሲሶች እንዲሁ። ስሌቱ ከ30,000 በጣም እያነሰ አሁንም ከሳተ ግን ቦርዱን ተዉት። አክስለሬሽኑን ቀንሱ፣ የሞተሩን ከረንትና የዘንጉን ማያያዣ ፈትሹ። ከምር ፍጥነት የሚያስፈልጋችሁ ከሆነ ኢኤስፒ32 ወይም ቲንሲ 4.1 የተባሉትን ፈጣን ቦርዶች ግዙ።

ራስበሪ ፓይ ፒኖች ላይ የታሰረ ሞተር ያንገራግራል

ራስበሪ ፓይ (ትንሽ ኮምፒውተር) ላይ ያለው ተራ ሊኑክስ ብዙ ሥራ በአንዴ ስለሚያከናውን ፐልሱን በየማይክሮሴኮንዱ ጠብቆ አይልክም። እኔ ሁሌ የምመክረው ሥራውን ማካፈል ነው። ፓይው ፋይሉንና ስክሪኑን ይያዝ፣ ፐልሱን እንደ ኡኖ ያለ ማይክሮኮንትሮለር ይላክ። ሊኑክስሲኤንሲ (በሊኑክስ ኮምፒውተር ማሽኑን የሚቆጣጠር ሶፍትዌር) የምትፈልጉ ደግሞ ሰዓት የሚያከብር ሪል ታይም ከርነል ጫኑና መጀመሪያ የላተንሲ (የመዘግየት) ፈተናውን አሂዱ።

አዲሱ ቦርድ ሲገጠም ድራይቨሩ አንዳንዴ አይሰማም

ኢኤስፒ32ም ቲንሲም የሚያወጡት 3.3 ቮልት ነው። ብዙ ድራይቨሮች ደግሞ 5 ቮልት ይጠብቃሉ። ሲግናሉን ወደ 5 ቮልት እንዲያሳድግ፣ በ5 ቮልት የሚሠራ 74ኤችሲቲ245 ቺፕ በቦርዱና በድራይቨሩ መሃል አስገቡ። ርካሽ ነው፣ አትዝለሉት።

ስፒንድሉ ሲነሳ ዩኤስቢው ይቋረጣል

የኤሌክትሪክ ረብሻ ነው። የስፒንድሉን (መቁረጫውን የሚያዞረውን ሞተር) ገመድ ከሲግናል ገመዶች አርቁ፣ ሺልድ ያለው ኬብል ተጠቀሙ፣ የማሽኑን አካል ከመሬት ጋር በደንብ እሰሩ።

መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ፓይው አይነሳም

እዚህ አገር ይህን ሳያስቡ ቦርድ መምረጥ አይቻልም። ፓይው እየጻፈ ሳለ መብራት ከሄደ የኤስዲ ካርዱ ፋይል ሊበላሽ ይችላል። ዩፒኤስ ግጠሙለት፣ በሴቲንጉም ካርዱ ላይ እንዳይጻፍ የሚያደርገውን ኦቨርሌይ ፋይል ሲስተም አብሩ። የካርዱን ኮፒም አስቀምጡ። መብራቱ ሲመለስ ማሽኑ የት እንደቆመ አያውቅም። ሊሚት ስዊች (የአክሲሱን ጫፍ የሚያሳውቅ ማብሪያ) ካለው ሆም አስደርጉት፣ ማለትም መነሻውን ራሱ ያግኝ፤ ከሌለው መነሻውን በእጅ ለኩ። መቁረጫውን ከዚያ በፊት አታስነሱ።