ለአጥር ሥር ባዶ ቦታ ጤና አዳም

ከግቢያችን አጥር ሥር፣ በብሎኬቱና በጽጌረዳዎቹ መካከል፣ ስፋቱ አንድ ክንድ የማይሞላ መሬት አለ። ሣር ዘራሁበት፣ ደረቀ። ጎመን ተከልኩበት፣ የጎረቤት ዶሮ ጨረሰችው። በመጨረሻ ቦታውን የያዘው ጤና አዳም ነው። አሁን ዓመቱን ሙሉ ለምልሞ እስከ ጉልበቴ ቆሟል፤ ቡና በፈላ ቁጥርም «እስቲ አንድ ቅንጣቢ» የሚል ጎረቤት አይጠፋም።

የመጀመሪያዎቹን 3 ችግኞች ግን እኔው ነኝ የገደልኳቸው። ፍግ አለበስኳቸው፣ ጠዋትና ማታ ውሃ አጠጣኋቸው። በሁለተኛው ወር ቅጠላቸው ቢጫ ሆነ፤ ስነቅላቸው ሥራቸው ጠቁሮ ይሸታል። ጤና አዳም የሚፈልገው ፀሐይና ውሃ የማይቋጥር አፈር ነው። የሰፈራችን አፈር ዋልካ ስለሆነ ቀይ አፈርና አሸዋ አስመጥቼ መደቡን አንድ ስንዝር ከፍ አደረግኩት። ፍጉን ለጎመኑ ተውኩለት።

ከዘር ማብቀል ይቻላል፤ እኔ ትዕግሥቱ የለኝም። መስከረም መጨረሻ ላይ፣ ዝናቡ ሲያባራ፣ አበባ ያላወጣ የዘንድሮ ቅርንጫፍ ከ10 እስከ 12 ሳንቲ ሜትር አድርጌ እቆርጣለሁ። የታችኛውን ግማሽ ቅጠል አራግፌ፣ ሥሩ በተበሳ የቲማቲም ድልህ ጣሳ ውስጥ፣ እርጥብ አሸዋ ላይ እሰካዋለሁ። ጣሳው ጥላ ሥር ይቀመጣል። ከ5 ሳምንት በኋላ በሁለት ጣት ቀስ ብዬ ሳብ አደርገዋለሁ፤ እምቢ ካለኝ ሥር ሰድዷል ማለት ነው። ከዚያ በ40 ሳንቲ ሜትር ርቀት ይተከላል። መጀመሪያ ሲታይ ራቁቱን የቀረ መደብ ይመስላል፤ አጠጋግቶ መትከል ያሰኛል። በዓመቱ ግን ራሳቸው ይገጥማሉ።

በየዓመቱ ከክረምት በኋላ ሲሶውን እከረክመዋለሁ፤ ካልተከረከመ ግንዱ እንጨት ይሆናል፣ ከታች ይራቆታል። እስከ አሮጌው እንጨት ድረስ ከተቆረጠ ላያቆጠቁጥ ይችላል። ጓንትና ረጅም እጅጌ የግድ ነው። ታናሽ ወንድሜ ቀትር ላይ እጅጌውን ጠቅልሎ ከረከመልኝ፤ ያን ዕለት ምንም አልሆነም። በሁለተኛው ቀን ክንዱ ላይ የፈላ ውሃ የፈሰሰበት ይመስል ውሃ ቋጠረ፣ ቡናማው ጠባሳም ለወራት አለቀቀውም። የጤና አዳም ፈሳሽ ቆዳ ላይ አርፎ ፀሐይ ሲያገኘው ያቃጥላል። እኔ የምከረክመው አመሻሹ ላይ ነው። ነፍሰ ጡር ለሆነች ጎረቤት ደግሞ ቅንጣቢውንም አልሰጥም፤ ለጽንስ አደገኛ ነው።

ከነፍሳት የሚደፍረው የሎሚ አባጨጓሬ ነው፤ ሎሚና ጤና አዳም ዘመዳሞች ናቸው። ትንሹ የወፍ ኩስ ይመስላል፣ ሲያድግ አረንጓዴ ይሆናል፤ ሲነኩት ከአንገቱ ላይ ሁለት ቀንድ ብቅ አድርጎ ይገማል። መድኃኒት አልረጭም፣ በእንጨት አንሥቼ ወደ ሎሚው አዛውረዋለሁ። ኋላ ቢራቢሮው ያምራል።

ፍሬው ለበርበሬ ነው። ቡናማ ሆኖ ሳይፈነዳ ለቅሜ ሰፌድ ላይ ጥላ ውስጥ አደርቀዋለሁ። አምና ያመለጠኝ ዘር በብሎኬቱ ስንጥቅ ውስጥ በቅሎ ቆሟል፤ አንድ ቀን እንኳን አላጠጣሁትም።