ራውተር ከመቀየራችሁ በፊት

ጅማ፣ ሂርማታ ያለችው የፎቶ ኮፒ ቤቴ ኢንተርኔቷ ሲንቀራፈፍ አዲስ የ4ጂ ራውተር (በሲም ካርድ ከታወር ኢንተርኔት የሚቀበለውን) ልገዛ ብር ቆጥሬ ነበር። እናንተ አትቸኩሉ።

መጀመሪያ ራውተሩ አጠገብ ሆናችሁ ፍጥነቱን ጠዋትም ማታ 2 ሰዓትም ለኩ። ፍጥነቱ የሚቀንሰው ማታ ብቻ ከሆነ የተጨናነቀው ኔትወርኩ ሳይሆን አይቀርም፤ ራውተር መቀየር ብዙም አይፈይድም።

ከዚያ የራውተሩን የማስተካከያ ገጽ በብራውዘር ከፍታችሁ አርኤስአርፒ (ከታወሩ የሚደርሳችሁ የሲግናል ጥንካሬ) የሚለውን እዩ። የእኔ ከብረት መደርደሪያው ጀርባ -112 ነበር፤ መስኮቱ ላይ ሳስቀምጠው -94 ሆነ። ወደ ዜሮ በቀረበ ቁጥር ይሻላል። የዚያኑ ቀን ፋይል መላክ ቀለለኝ፣ ያለ አንዲት ሳንቲም!

ልግዛ ካላችሁ ካቴጎሪውን፣ ማለትም የራውተሩን የፍጥነት ደረጃ፣ እዩ፦ ካቴጎሪ 4 ራውተር ቢበዛ በሰከንድ 150 ሜጋቢት ያወርዳል፤ ካቴጎሪ 6 ሁለት ሞገድ አጣምሮ እስከ 300። ታወሩ ሞገድ ካላጣመረ ግን ለካቴጎሪ 6 የምትጨምሩት ብር ፍጥነት አይሆንላችሁም።