ጠርሙስ ውስጥ የሚሆመጥጠው ጠላ

ደሴ ነው ያለሁት። ከጋኑ ስቀዳው የሚጣፍጠው ጠላ ጠርሙስ ውስጥ ሁለት ቀን ሲያድር ይሆመጥጣል፣ ከላይም ነጭ ነገር ይሠራል። ሦስት ጊዜ ደፋሁ።

መጀመሪያ ጌሾው ያነሰ መስሎኝ ጨመርኩ። መረረ እንጂ አልተሻለም። በኦሞ አጠብኩ። የፈላ ውኃ ሞላሁበት፣ አንዱ ጠርሙስ ተሰነጠቀ። እዚህ ከፍታ ላይ ውኃ 92 ዲግሪ አካባቢ ነው የሚፈላው፤ ችግሩ ግን እሱ አልነበረም። ግራዋም ሞከርኩ። እንስራ ቢሆን እጅ ገብቶ ይፈትጋል፣ በጠርሙስ አንገት ግን ምን ሊያደርግ?

በመጨረሻ ባዶውን ጠርሙስ ወደ ፀሐይ ሳነሳው ከታች የተጋገረ ስስ ነገር አየሁ። ለካ ቆሻሻው ሳይለቅ ነው የፈላ ውኃ የምሞላበት!

ስለዚህ በሞቀ ውኃና ሳሙና አሳደርኩት፣ ጠዋት በሕፃን ጡጦ ብሩሽ ፈትጌ አለቀለቅኩ። ከዚያ 4 ሊትር ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ 1 የሾርባ ማንኪያ ሽቶ ያልገባበት በረኪና (5 በመቶውን) ጨምሬ 10 ደቂቃ ዘፈዘፍኩ፣ አፍልቼ ባቀዘቀዝኩት ውኃ ሁለቴ አለቅልቄ ዘቅዝቄ አደረቅኩ። በረኪናን ከኮምጣጤ ጋር እንዳትቀላቅሉ፣ መርዛማ ጋዝ ይወጣዋል። ክዳኑንም እንደዚያው እጠቡ፤ እኔ ረስቼው አንዱ እንደገና ሆምጥጧል። የቀሩት ዛሬ አምስተኛ ቀናቸው ነው፣ ደህና ናቸው።