የአውስትራሊያ ነጭ ወይን እንዴት ይከርማል? ከመግዛት እስከ መክፈት

የአውስትራሊያው ሃንተር ሸለቆ ሴሚዮን፣ ማለትም ሴሚዮን ከሚባለው የወይን ዝርያ የሚሠራው ነጭ ወይን፣ በተጠመቀ በዓመቱ ሲቀመስ ሎሚ ጠብ የተደረገበት ውሃ ይመስላል። ቀለሙ የነጣ፣ አልኮሉ ከ11 በመቶ ብዙም የማያልፍ፣ ጣዕሙ ጥርስ የሚያጠርስ ነው። ብዙ ሰው አንዴ ፉት ብሎ «ለዚህ ነው ያ ሁሉ ወሬ?» ይልና ብርጭቆውን ያስቀምጠዋል። ያው ጠርሙስ ጨለማና ቀዝቀዝ ያለ ቦታ አሥራ አምስት ዓመት ከርሞ ሲከፈት ግን ወርቃማ ሆኖ ይቀዳል፤ ሽታው ማር፣ የተጠበሰ ዳቦ፣ ከምጣድ የወረደ የገብስ ቆሎ ነው። የእንጨት በርሜል ነክቶት አያውቅም። ያ ሁሉ የጥብስ ጠረን የተወለደው ጠርሙሱ ውስጥ ነው።

«ነጭ ወይን አይከርምም» የሚለው አባባል ለአብዛኛው ነጭ ወይን እውነት ነው። አውስትራሊያ ግን ይህን አባባል የሚያፈርሱ ጥቂት ዓይነቶች አሏት። ቁም ነገሩ እነሱን ለይቶ መግዛትና ሳያበላሹ ማቆየት ነው። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

1. የሚከርመውን ለዩ

ነጭ ወይንን የሚያቆየው በዋናነት አሲድ ነው። ቀይ ወይን ከፍሬው ቆዳና ከውስጡ ዘር የሚያገኘው አፍ የሚያደርቅ ታኒን ነጩ ውስጥ እምብዛም ስለሌለ፣ ሸክሙን የሚይዘው ኮምጣጣነቱ ነው። ስለዚህ ስትገዙ ወፍራም፣ አልኮሉ የከበደ፣ ገና ከአሁኑ የሚጥም ወይን አያታልላችሁ። ዛሬ ደስ የሚለው ብዙውን ጊዜ ነገ የለም።

ከሁሉ አስቀድሜ የማነሳው የሃንተር ሴሚዮንን ነው። ሸለቆው ከሲድኒ በስተሰሜን በመኪና የሁለት ሰዓት ያህል መንገድ ሲሆን ሞቃትና ወበቃማ ነው። በበጋው ማብቂያ ዝናብ እንዳያበሰብሰው ፍሬው በጥር አካባቢ፣ ገና ጨርቋነቱ ሳይለቀው ይለቀማል። ዝቅተኛ አልኮልና ከፍተኛ አሲድ የሚመጡት ከዚህ ነው። ቲረልስ የተባለው ቤተሰባዊ ጠማቂ «ቫት 1» የሚለውን ሴሚዮን ከ1963 ጀምሮ እየሠራ ነው፤ ጥሩ ዓመት የሆነው ሃያ ዓመት ቢቀመጥ አያሳስብም። አንድ ነገር ልጨምር፦ በጣም ያረጀ ጠርሙስ ላይ «ሃንተር ሪቨር ሪዝሊንግ» የሚል ጽሑፍ ካያችሁ ውስጡ ያለው ሴሚዮን ነው። በዚያ ዘመን እንዲያ ብለው ይሸጡት ነበር።

ሁለተኛው ሪዝሊንግ የሚባለው ነጭ የወይን ዝርያ ነው። አካባቢዎቹ ደቡብ አውስትራሊያ ውስጥ ያሉት ክሌር ሸለቆና ኢደን ሸለቆ ናቸው፤ ከፍ ያሉና ሌሊታቸው የሚቀዘቅዝ በመሆኑ ፍሬው አሲዱን ይዞ ይበስላል። ግሮሴት የተባለው ጠማቂ የሚሠራው «ፖሊሽ ሂል» እና ፒውዚ ቬል የተባለው ጠማቂ ጠርሙሶች ከአሥር ዓመት በላይ ይጓዛሉ። ሪዝሊንግ ሲያረጅ ከጥብሱና ከሎሚው ጋር ላምባ የመሰለ ሽታ ያወጣል። ጠርሙሱ የተበላሸ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። አልተበላሸም፤ ፍሬው ላይ ያረፈው ፀሐይ ያመጣው ባሕርይ ነው። በልኩ ሲሆን እኔ እወደዋለሁ፤ የፋኖስ ጠርሙስ የከፈትኩ እስኪመስለኝ ሲበረታ ግን አይደለም።

ገንዘባችሁ ውስን ከሆነ ማርሳን የሚባለውን ነጭ የወይን ዝርያ ፈልጉ። ከሜልበርን በስተሰሜን፣ ናጋምቢ አካባቢ የሚገኘው ታቢልክ የተባለ ጠማቂ በ1927 የተተከሉ የማርሳን ወይኖች አሉት። መደበኛው ጠርሙሱ ዋጋው ረከስ ያለ ሆኖ ስምንት አሥር ዓመት ይቆያል። በዚህ ዋጋ እንዲህ የሚከርም ነጭ ወይን ሌላ ቦታ ማግኘት ከባድ ነው።

ሻርዶኔ የሚባለው ነጭ ወይን እንደ ሠሪው ነው። በ1980ዎቹና 90ዎቹ በብዛት ይወጣ የነበረው ቢጫ፣ ቅቤ ቅቤ የሚልና በርሜል የከበደው ዓይነት ፈጥኖ ይደክም ነበር። ከምዕራብ አውስትራሊያው ማርጋሬት ሪቨር የሚመጣው፣ ሊውዊን የተባለው ጠማቂ «አርት ሲሪስ»፣ የመጀመሪያው የ1980 ምርት የሆነው፣ ከአሥር ዓመት በላይ ይዘልቃል። ሶቪኞን ብላን የሚባለውን ነጭ ወይን በአንድ ሁለት ዓመት ውስጥ ጠጥታችሁ ጨርሱት፤ የሚያተርፈው ነገር የለም።

2. መለያውን አንብቡ

ዓመቱን፣ አካባቢውንና የአልኮል መጠኑን ተመልከቱ። አውስትራሊያ በደቡብ ንፍቀ ክበብ ስላለች ወይኑ የሚለቀመው ከጥር እስከ መጋቢት ባለው ጊዜ ነው። የ2015 የአውስትራሊያ ወይን ከ2015ቱ የፈረንሳይ ወይን በግማሽ ዓመት ገደማ ይበልጣል ማለት ነው፤ በእኛ አቆጣጠር ደግሞ የ2007 በጋ ፍሬ ነው። ሴሚዮን ከ10 እስከ 11.5 በመቶ፣ ሪዝሊንግ 12 በመቶ አካባቢ ከሆነ መልካም ምልክት ነው።

ቀጥሎ ክዳኑን እዩ። ከክሌር ሸለቆ የሆኑ ጠማቂዎች ተሰባስበው የ2000 ምርት ሪዝሊንጋቸውን በሚጠመዘዝ የብረት ክዳን አሸጉ። ቡሽ አንዱን ጠርሙስ በደህና ሲያሳድግ ጎረቤቱን አየር አስገብቶ ይገድለዋል፤ አንዳንዱን ደግሞ የሻገተ ካርቶን ያሸትተዋል። ነጭ ወይን ይህን አይችልም። ለማክረም ምርጫ ካላችሁ ያለ ማመንታት የሚጠመዘዘውን ውሰዱ። ርካሽ ይመስላል የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ከአሥር ዓመት በኋላ ጋብዙት።

3. አንዱን በሦስት ቀን ፈትኑ

ከመደርደራችሁ በፊት አንድ ጠርሙስ ክፈቱ። አንድ ብርጭቆ ቅዱ፣ ክዳኑን መልሱ፣ ማቀዝቀዣ ውስጥ አስገቡ። በማግስቱም በሦስተኛውም ቀን ቅመሱት። በሦስተኛው ቀን እንደ ሞተ የፖም ጭማቂ ከሆነ ቀሪውን በቶሎ ጠጡ። ይበልጥ ከተከፈተና ከጣፈጠ ለመክረም አቅም አለው። ፈተናው ሁልጊዜ ልክ አይሆንም፤ ከሻጭ ምክር ግን ብዙ ጊዜ ይሻላል።

4. ስድስት ግዙ እንጂ አንድ አትግዙ

አንድ ጠርሙስ ያለው ሰው መቼ እንደሚከፍተው ሲጨነቅ ይኖራል። ስድስት ካላችሁ አንዱን አሁን፣ ሁለተኛውን በአምስት ዓመት፣ ሌሎቹን በየሁለት በየሦስት ዓመቱ እየከፈታችሁ ጉዞውን ትከታተላላችሁ። ሴሚዮን ከሦስት እስከ ስድስት ዓመቱ ባለው ጊዜ ድምፁን የሚያጠፋበት ወቅት አለው፤ የልጅነት ሎሚው ይሄዳል፣ ማሩ ገና አልመጣም። በዚህ ጊዜ ከፍታችሁ ብታዝኑ ቀሪዎቹን እንዳትሸጡ።

5. ጨለማ፣ ቅዝቃዜ፣ ጸጥታ

የሚመከረው ሙቀት ከ12 እስከ 14 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። ከቁጥሩ በላይ የሚያሳስበው መዋዠቁ ነው፤ ቀን ሞቆ ሌሊት የሚቀዘቅዝ ክፍል 17 ዲግሪ ላይ ረግቶ ከሚኖር ቁም ሳጥን የከፋ ነው።

ይህን የተማርኩት በኪሳራ ነው። ሜልበርን ተከራይቼ በምኖርበት ቤት ስድስት በቡሽ የታሸጉ ሪዝሊንጎች ማቀዝቀዣው አናት ላይ ደረደርኩ። ከታች የሞተሩ ሙቀትና ንዝረት፣ ከላይ 40 ዲግሪ የሚያልፈው የጥር ፀሐይ። ሁለተኛው በጋ ሲያልፍ ሁለቱ ቡሾች ወደ ላይ ተገፍተው፣ አንገታቸው በሚያጣብቅ ነገር ተለውሶ አገኘኋቸው። ስቀዳው ያደረ ሻይ ይመስላል። ስድስቱንም ደፋኋቸው።

አዲስ አበባ ያላችሁ እድለኞች ናችሁ፤ ፀሐይ በማይነካው ግድግዳ በኩል፣ ወለሉ አጠገብ ያለ ቁም ሳጥን ለአምስት ስድስት ዓመት ይበቃል። ባሕረ ሰላጤው አገሮች ላላችሁ ግን አየር ማቀዝቀዣው ለእረፍት ስትሄዱ ስለሚጠፋ የወይን ማቀዝቀዣ ካልገዛችሁ አታስቡት። በቡሽ የታሸገው ይተኛ፤ የሚጠመዘዘው ቢቆምም ቢተኛም ግድ የለም።

6. አከፋፈት

ከመክፈታችሁ በፊት አንድ ቀን አቁሙት። ከታች ደቃቅ ስኳር የመሰለ ነገር ካያችሁ የወይኑ የራሱ አሲድ ረግቶ ነው፤ አይጎዳም፣ ብርጭቆ ውስጥ እንዳይገባ ብቻ ቀስ ብላችሁ ቅዱ። በረዶ አታድርጉት፤ በጣም ሲቀዘቅዝ ዓመታት የፈጀው መዓዛ ይታፈናል። ከማቀዝቀዣ አውጥታችሁ ግማሽ ሰዓት ያህል ብታቆዩት 10 ወይም 12 ዲግሪ ላይ ይደርሳል።

ቀለሙን ነጭ ወረቀት ላይ አዘንብላችሁ እዩ። ወርቃማ ጤና ነው፤ ቡናማ ግን አርጅቶ አልፏል። የመጀመሪያው ሽታ ዝግ ወይም የክብሪት ጢስ ቢመስል አትደፉት፣ ሩብ ሰዓት ስጡት። በሚጠመዘዝ ክዳን የከረመ ወይን ከአየር ጋር ሲገናኝ ለመንቃት ጊዜ ይፈልጋል።

ከምግብ ጋር ከሆነ በርበሬው የበዛበት ዶሮ ወጥ አጠገብ አታቅርቡት፤ ምንም አይተርፍለትም። የዶሮ አልጫ ወይም በቅቤ የተጠበሰ ዓሣ አጠገብ ግን ያ ቆሎ ቆሎ የሚለው ጠረን ቦታውን ያገኛል። የአሥራ አምስት ዓመት ሴሚዮን ከከፈታችሁ እዚያው ጨርሱት፤ የሦስት ቀኑ ፈተና ለወጣቱ እንጂ ለእሱ አይሆንም።