ለሞተር ሳይክል ጉዞ ውብ መንገድ መምረጥ፦ ምን ይጠየቃል? ማን ይጠየቃል?

ለመዝናናት በሞተር ሳይክል የሚጓዝ ሰው ብዙውን ጊዜ «የት ልሂድ?» ብሎ ይጠይቃል፤ በቴሌግራምና በፌስቡክ በተሰባሰቡ የሞተረኞች ቡድኖች ውስጥም ለዚህ ጥያቄ መልስ አይታጣም። ወንጪ፣ ጨንጫ፣ ደንገጎ፣ ሰነቴ እየተባለ የቦታ ስም ይደረደራል፤ ፎቶግራፉም ይከተላል። ችግሩ ግን የተራራው ውበት ከዓመት ዓመት ሳይለወጥ ወደዚያ የሚያደርሰው መንገድ በአንድ ሌሊት ዝናብ ሊለወጥ መቻሉ ነው። ስለሆነም ከእነዚህ ቡድኖች ሊፈለግ የሚገባው ትልቁ ነገር በዚያ መንገድ በቅርብ ቀን ያለፈ ሰው የሚሰጠው ምስክርነት ነው፤ እሱን ለማግኘት ደግሞ ጥያቄው ጠበብ ያለ መሆን አለበት።

በባሌ ተራሮች ስላለው ከፍተኛ አምባ «የሰነቴ መንገድ እንዴት ነው?» ብለው ቢጠይቁ «በጣም ቆንጆ ነው» የሚል መልስ ያገኛሉ። «በዚህ ሳምንት ከጎባ ተነስቶ ሪራ የደረሰ ሰው አለ? ጠጠሩ ጠንካራ ነው ወይስ ልቅ? ጭጋጉ ስንት ሰዓት ላይ ተገፈፈ? ጎባ ቤንዚን ይገኛል?» ብለው ቢጠይቁ ግን መልስ የሚሰጥዎ በእርግጥ ያለፈው ሰው ብቻ ይሆናል። መልስ የሰጠው ሰው ምን ዓይነት ሞተር እንደሚነዳም ይጠይቁ፤ ጥርሳም ጎማ ባለው ከፍ ያለ ሞተር ለሚሄድ ሰው «ቀላል ነው» የተባለ ፒስታ (አስፋልት ያልለበሰ መንገድ)፣ ለአስፋልት በተሠራ ሞተር ለሚጓዝ ሰው የቀን ሙሉ ትግል ሊሆን ይችላል። የአካባቢውን ጸጥታ በተመለከተ በስልክ ከሚገኝ መልስ ይልቅ በዚያው ዕለት በመናኸሪያ ካሉ ሾፌሮች የሚገኘው ይበልጥ ይታመናል። በመነሻው ከተማ ያለውን ጎሚስታም ሳያነጋግሩ አይለፉ፤ የተቀደደው ጎማ ሁሉ ወደ እሱ ስለሚመጣ የትኛው ቦታ ላይ ስለታም ድንጋይ እንዳለ ከእሱ የተሻለ የሚያውቅ ሰው ማግኘት ያስቸግራል።

ካርታ ላይ መንገዱ እንደ እባብ የሚጠማዘዝበት ቦታ አብዛኛውን ጊዜ ዳገት ወይም ቁልቁለት ያለበት ነው፤ የሳተላይቱን ምስል ከፍተው ቢያዩት ደግሞ አስፋልት ይሁን አፈር ለመለየት ይረዳዎታል። ካርታው የሚነግርዎን ሰዓት ግን አይመኑት፤ በፒስታ ላይ ሁለት እጥፍ መገመት ይሻላል። ፀሐይ በዓመቱ ውስጥ ከምሽቱ 12 ሰዓት ብዙም ሳትርቅ ስለምትጠልቅ ከ11 ሰዓት በፊት ማደሪያ ከተማ ለመግባት ያቅዱ፤ ከመሸ በኋላ ከብትና መብራት የሌለው ተሽከርካሪ መንገዱን ይጋራሉ። በመንገዱ ላይ ያሉ ከተሞች ገበያ የሚውሉበትን ቀንም ይጠይቁ፤ ብዙ ሞተረኛ ይህንን ይረሳል። በገበያ ቀን መንገዱ የእግረኛ፣ የአህያና የበግ ነው፤ መሆንም ይገባዋል።

ለጀማሪ ከሁሉ አስቀድሜ የምመክረው ከድሬዳዋ ወደ ሐረር የሚወስደውን አስፋልት ነው። ርቀቱ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ሆኖ ከ1,200 ሜትር አካባቢ ተነስቶ ወደ 1,900 ሜትር ስለሚያደርስ፣ የድሬዳዋ ሙቀት በደንገጎ ዳገት ላይ ቀስ በቀስ ሲለቅዎ በሰውነትዎ ይሰማዎታል። ከአወዳይ የሚነሱ የጫት መኪኖች ግን እጅግ ይፈጥናሉ፤ በጥምዞቹ ላይ ቀኝዎን አጥብቀው ይያዙ፤ ቁልቁል ያለውን ሜዳ ማየት ሲፈልጉም ከመታጠፊያው ርቀው ሰፊ ቦታ ላይ ይቁሙ። ከአርባ ምንጭ ወደ ጨንጫ የሚወስደው ከዚህ ይበረታል፤ 40 ኪሎ ሜትር በማይሞላ ርቀት ከ1,300 ሜትር አካባቢ እስከ 2,700 ሜትር ይወጣል፤ የአባያ ሐይቅም ከበታች ይታያል። በዶርዜ አካባቢ መንገድ ዳር እየጨፈሩ የሚጠብቁ ሕፃናት አሉ፤ ገንዘብ ወይም ከረሜላ መወርወር ሕፃናቱን ወደ መንገዱ መሃል የሚስብ በመሆኑ በፍጹም አያድርጉት።

በእኔ ግምት ግን የአገራችን ታላቁ የሞተረኛ መንገድ ከጎባ ተነስቶ የሰነቴን አምባ አቋርጦ በሐረና ደን በኩል ወደ ዶሎ መና የሚወርደው ነው። ሰነቴ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ሲሆን 4,377 ሜትር ከፍታ ያለው ቱሉ ዲምቱም በዚያው ይገኛል። እዚያ ከፍታ ላይ አየሩ ስለሚሳሳ ካርቡሬተር ያለው ሞተር ጉልበቱን በግልጽ ያጣል፤ ከአየሩ አንጻር ቤንዚኑ ስለሚበዛም ካንዴላው (ቤንዚኑን የሚያቀጣጥለውን ብልጭታ የሚሰጠው ክፍል) ይጠቁራል። ይህ ብልሽት አይደለም፤ ማርሽ ቀንሰው በትዕግሥት ይንዱ፣ ንጹሕ ካንዴላም በኪስዎ ይያዙ። ራስዎም ከፍታው ሊሰማዎ ይችላልና ራስ ምታት ቢበረታ ወደ ታች መውረድ እንጂ እዚያው ማረፍ መፍትሔ አይሆንም። የጠዋቱ ብርድ ጣት ያደነዝዛል፤ ጣቱ የደነዘዘ ሰው ደግሞ ፍሬን በልኩ መያዝ አይችልም፤ ስለዚህ ጥሩ ጓንት ቅንጦት አይደለም።

ቦታው በ2023 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ አካል በመሆኑ የመግቢያ ክፍያ አለው፤ ዲንሾ በሚገኘው ጽሕፈት ቤት ከፍለው ደረሰኙን ይያዙ። ከጅብራዎቹ መካከል ፍልፈል ሲያድን የሚታየው ቀይ ቀበሮ በዓለም ላይ በኢትዮጵያ ብቻ የሚኖር ነው፤ ቁጥሩም እጅግ ጥቂት ሆኖ ሳለ በተሽከርካሪ የተገጨበት ጊዜ አለ። ቀጥ ያለው የአምባው መንገድ ፍጥነት ይጋብዛል፤ እባክዎ ግብዣውን አይቀበሉ። አምባው ካለቀ በኋላ መንገዱ በድንገት ቁልቁል አስታ ወደሚባለው የደጋ ቁጥቋጦ ከዚያም ወደ ጥቅጥቁ ደን ይገባል። በዚህ ቁልቁለት ላይ ፍሪሲዮን ይዘው አይንሸራተቱ፤ በዝቅተኛ ማርሽ ሞተሩ ራሱ እንዲይዝዎ ካደረጉ ፍሬኑ ሳይግል ይወርዳሉ፤ ከጥላው ሥር ያለው አፈር ከዝናብ በኋላ ቶሎ እንደማይደርቅም ያስታውሱ።

ከመነሳትዎ በፊት ፍሬኑን፣ ሰንሰለቱንና የጎማውን ነፋስ ይፈትሹ፤ ትርፍ ካላማዳሪያ፣ መንጃ ፈቃድ፣ ሊብሬና የኢንሹራንስ ወረቀትም ይያዙ። ሄልሜት የሌለው የጉዞ ጓደኛ ካለ ጉዞው ይቆይ።

ሲመለሱም ለቡድኑ ከፎቶ በተጨማሪ ዕውነተኛ መረጃ ይጻፉ፦ ያለፉበት ቀን፣ የሞተርዎ ዓይነት፣ መንገዱ ከየት እስከ የት እንደተበላሸ፣ ቤንዚን የት እንዳገኙና የት እንዳጡ። የቀይ ቀበሮ ጉድጓድ አይተው ከሆነ ግን ቦታውን አይጠቁሙ። ከወራት በኋላ ያንኑ ጽሑፍ ሌላ ሰው ሲያጋራው ካዩ ጊዜው ያለፈበት መሆኑን ከሥሩ ይጻፉበት።